ዓለምን መዞር ለሥዕል ምን ይረባል? አንኮበር ለሚገኙት አባቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? የዘንድሮው ውርጭ ባቄላውን እንደማይጎዳባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ሥዕል ለመሣል አገር ላገር መንከራተት ምን ይረባል? ገደሉም ጉሙም እዚህ አለልሽ» ያሉኝን ያን ዕለት በቅጡ አልመለስኩልዎትም። ጥያቄው በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ በደብዳቤ ማድረጉን መረጥኩ።

ከዚያው ከአንኮበር ልነሳ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው፣ ገና በ15 ዓመታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። (መሐንዲስ እንድሆን እርስዎ ስንት ጊዜ እንደመከሩኝ አልረሳሁም፤ የአንኮበርን ልጅ መሐንዲስ ማድረግ ቀድሞም ያልተሳካ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።) ከመሄዳቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሲመክሩ፣ ስትመለሱ ስለ ሕንፃው ርዝመትና ስለ መንገዱ ስፋት አታውሩልን፣ አገር የምታንጹበትን ሙያና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ እንዳሏቸው ሎሬቱ ኋላ ይተርኩ ነበር። ምክሩ ለሠዓሊ ታስቦ ባይሰጥም፣ ለሠዓሊ ከዚህ የሚሻል ምክር እኔ አላገኘሁም። ያየውን ሕንፃና አደባባይ ብቻ ይዞ የሚመለስ ሠዓሊ፣ ያመጣው ፖስትካርድ ነው።

አፈወርቅ ለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ፣ አስቀድመው የገዛ አገራቸውን ዞሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን ካሳዩ በኋላም እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ለእኔ ዋናው ይህ ሁለተኛው ጉዞ ነው። በዚያን ጊዜ የባለቀለም መስታወት ሥራን ተማሩ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የእኛኑ የብራና ሥዕሎችም አጠኑ። ከለንደኖቹ ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ስለሆኑ፣ የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገሩ የሚያስቆጭ ነው። ቢሆንም አንድ ብራና በአንድ ደብር ማየትና የልዩ ልዩ ዘመን ብራናዎችን አመሳክሮ መመርመር እኩል አይደለም፤ የሠዓሊው እጅ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ የሚታየው እንዲህ ሲመሳከር ነው።

የመስታወቱን ነገር በዓይኔ ስላየሁት ላስረዳዎት። ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሻርትር የምትባል ከተማ አለች፤ የካቴድራሏ መስኮቶች አብዛኞቹ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ቁርጥራጩ መስታወት እርሳስ በሚባለው ማዕድን በተሠራ ቀጭን ማዕቀፍ ተያይዞ ሥዕል ይሆናል፤ ቅርብ ሲቆሙ ያ ጥቁር መስመር በብራናዎቻችን ላይ ዓይንና ጣትን ከቦ የሚሄደውን የቀለም መስመር ይመስላል። በምዕራብ በኩል ያሉት መስኮቶች ጠዋት ደብዘዝ ይላሉ፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ግን ሰማያዊው እየጎላ ይሄዳል። ይህ በፎቶግራፍ አይገባም፤ ቆሞ ሰዓቱን መጠበቅ ይፈልጋል። እኔም ከዚያ ወዲህ የአንኮበርን ጉም ስሥል ብርሃኑን ከፊት ሳይሆን ከጀርባ፣ ከአፋር ቆላ በኩል እንዲመጣ አደርጋለሁ፤ እርስዎ ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ በመስኮቱ እንደሚገባው ማለቴ ነው።

አፈወርቅ ይህን ሙያ ያዋሉበትን ያውቁታል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የዛሬና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። ጥበቡ የአውሮፓ ካቴድራል ጥበብ ነው፤ ችቦ ይዞ ከፊት የቆመው ቤተሰብ ግን የእኛን የአገር ልብስ ለብሷል። ጉዞው ባይኖር መስታወቱ አይኖርም ነበር፤ ብራናውን ባያጠኑ ደግሞ የሚሠሩት የፈረንጅ መስኮት ብቻ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። በኋላም በሶቪየት ኅብረትና በአሜሪካ ሥራዎቻቸውን አሳይተዋል፤ ያ ዝናቸውን አስፍቶ ይሆናል፣ እጃቸውን የሠራው ግን የወጣትነቱ ጉዞ ይመስለኛል።

ስለዚህ አባባ፣ ነገርዎ ግማሹ እውነት ነው፦ ገደሉና ጉሙ እዚያው አሉ፣ መዞር ብቻውንም ሠዓሊ አያደርግም። እኔ የምዞረው ግን ሙያ ለመያዝ ነው፤ የቀረኝም መስታወት ተቀብቶ ቀለሙ በእሳት የሚጸናበትን መንገድ መማር ብቻ ነው። እሱን እንደጨረስኩ ለጥምቀት እመጣለሁ። ያኔ ጉልበትዎ ከፈቀደ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ወርደን አዳራሹን አብረን እናያለን፤ እስከዚያው የጉልበትዎን መድኃኒት እንዳያቋርጡ አደራ።

እማዬን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣ ከፓሪስ