ምስጋና ለጎረቤቶቻችን፣ ሻማ ይዘው ለመጡት አባባም ጭምር

ውድ የየካ አባዶ ጎረቤቶቻችን፣

እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ እማማን የምትንከባከበው ነርስ ነኝ። «ሲስተር» ነው የምትሉኝ። ስሜን የሚያውቅ ከመካከላችሁ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ ለምጄዋለሁ፣ ችግር የለም። ይህን የምጽፈው መብራት በጠፋበት በነሐሴው ሌሊት ላደረጋችሁት ነው። ያን ለት ደረጃው ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ስል እንደነበር ትዝ ይለኛል። በጨለማ ለማን እንዳልኩት ግን አላውቅም።

እማማን ታውቋቸዋላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ በእንጨትና በቅጠል እንጀራ እየጋገሩ፣ እየሸጡ ልጆች አሳድገዋል። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ሳንባቸውን የጎዳው የምጣድ ጭስ ነው፤ ሕመሙን ሐኪሞቹ ሲኦፒዲ ይሉታል፣ የሳንባን አየር መንገድ የሚያጠብ የማይለቅ ሕመም ነው። ቀንም ሌሊትም በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን በአፍንጫቸው ይወስዳሉ። የሚሰጣቸው አልጋው አጠገብ ያለችው ማሽን ናት። የክፍሉን አየር ትስባለች፣ ናይትሮጅኑን ታስቀራለች፣ ኦክስጅኑን ታወጣለች። መብራት ሲጠፋ ግን ተራ ሣጥን ናት።

እኔ እዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ስምንት ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። እዚያ ሲጨንቀኝ ኮሪደር ወጥቼ እጣራለሁ። ዶክተሩ ባይመጣ ሌላ ነርስ፣ እሷም ባትመጣ ጽዳቷ ትመጣለች። የቤት ለቤት ሥራ ላይ የምትጠሪው ሰው የለም። ሻንጣሽን ይዘሽ ከመገናኛ ታክሲ ትሰለፊያለሽ፣ «ከሱቁ ገባ ብሎ ያለው ግራጫ በር» የሚባል አድራሻ ትፈልጊያለሽ፣ ውሻ ያባርርሻል። ቤት ስትገቢ ደግሞ «እግረ መንገድሽን ሳህኗን» ይሉሻል። (እማማ ቤት ይህ ደርሶብኝ አያውቅም፤ ሌላ ቤት ነው።) ከዚያ አንቺና በሽተኛሽ ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ማስረዳቱ ነው። ደመወዜን የምትከፍለው የእማማ ልጅ ዱባይ ናት። ሥራ ስትጨርስ በኢሞ ትደውልና ጣት ላይ የሚደረገውን፣ የደም ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየውን መለኪያ አሳዪኝ ትለኛለች። 90 ይላል። «ለምን 98 አይሆንም? ከፍ አድርጊላት!» እንደ እማማ ላለ ሰው ከ88 እስከ 92 በቂ ነው። ኦክስጅኑ ሲበዛባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደማቸው ውስጥ ይጠራቀምና ያፈዛቸዋል። ሰው «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ሲል እሳቸው እየራቁ ነው። ይህን ለአንዲት በሰው አገር ለናቷ ለምታለቅስ ልጅ በስልክ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ቡና ነበር። ከሰል፣ ዕጣን፣ ጭስ፣ በዚያ ላይ ኦክስጅን። ጭሱ ሳንባቸውን ይዘጋል፣ ፍሙ ደግሞ ቤቱን ሊያነደው ይችላል። ከለከልኩ። እማማ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። «ቡና የሌለበት ቤት ምኑ ቤት ነው» አሉ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ቡናው ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከበራችን ራቅ ብሎ ይፈላል፣ ሲኒው ወደ ውስጥ ይመጣል። ኮሪደር ላይ የፈላ ቡና ሰው ይጠራል። ከናንተ ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ነው። በጊዜው ጀበናውን ያስወጣሁት ለእሳት ብዬ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። መብራት ለሚጠፋ ጊዜ አልጋው ሥር 10 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ሲሊንደር አለች። በ150 ባር ግፊት ታምቆ ሲሞላባት 1500 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይገባታል፤ ለእማማ ከ12 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያን ቀን ጠዋት «ሞልተናታል» ተብሎ መጣች። ግፊቱን የሚያሳየውን ጌጅ ከፍቼ አላየሁም። የሰው ቃል አመንኩ።

ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ማሽኗ ጮኸች፣ ዝም አለች። ሲሊንደሯን ከፈትኩ። መርፌው 30 ላይ ቆመ። 30 በ10 ሲባዛ 300 ሊትር። ለ2 ሲካፈል 150 ደቂቃ። እስከ ስድስት ሰዓት።

አምቡላንስ ደወልን፤ ጎርፉ መንገድ ዘግቷል፣ ጠብቁ አሉን። ኦክስጅን የሚሞሉት ስልክ አያነሱም። ዝናቡ ቆርቆሮ እየደበደበ ነው። እማማ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ ትራስ አቅፈው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። ልክ እንደ ሆስፒታል።

በር ሲከፈት ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከታችም ከላይም።

ጋሼ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ እርስዎን ምን ብዬ ላመስግን? ሁላችን ስንተራመስ እርስዎ ዝም ብለው ቆመው እያሰቡ ነበር። ከዚያ «ሐምሌ መጨረሻ ለቅሶ የደረስንበት ቤት፣ ጥግ ላይ ትልቅ ሲሊንደር ቆሞ አይቻለሁ» አሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጥግ የሚያይ ሰው እግዚአብሔር ያብዛልን።

እህቴ፣ የዚያ ቤት ልጅ፣ የአባትሽ አርባ ገና አልወጣም ነበር። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳብሽ ደንግጠሽ እንደነበር ነገሩኝ። «የአባቴ ነው፣ ውሰዱት» ብለሽ ጋቢውንም ጨመርሽ፣ እንዳይንሸራተት ይጠቅለልበት ብለሽ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አራታችሁ ልጆች፣ ያ ነገር ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ሊፍት የለም፣ መብራት የለም፣ ደረጃው ረጥቧል። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ «ወንድሜ ቀስ፣ ቀስ» ሲባል ይሰማኝ ነበር። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ላይ ደረሳችሁ። ከፍተን ስናየው 110 ይላል። ባለ 40 ሊትር ነው። ከአንድ ቀን ተኩል በላይ! ያን ለት በሂሳብ የሳቅሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ግን ያለን ጌጅ አንድ ነበር። ከትንሿ ተፈትቶ ትልቁ ላይ እስኪታሰር እማማ ያለ ኦክስጅን ይቆያሉ። ጋራዥ የምትሠራው ልጅ መፍቻ ይዘህ መጣህ፤ እጅህ ግሪስ ነበር። ግፊት ያለው ኦክስጅን ቅባት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። በላርጎ ሁለት ጊዜ አስታጠብኩህ፣ መፍቻውንም አስጠረግኩህ። አንዴም አልተነጫነጭክም። ሦስተኛ ፎቅ ያለሽው ባንክ የምትሠሪው ልጅ ደግሞ የእማማን እጅ ይዘሽ «በአፍንጫ ሳቢ፣ በከንፈር እፍፍፍ፣ ቀስ ብለሽ» ስትያቸው ነበር። ያንን ያስተማርኩሽ አንድ ቀን ቡና ላይ ነው። ለካ ትሰሚ ነበር። መለኪያው 86፣ 84፣ 81 አለ። ልጁ መፍቻውን አንድ ዙር ጨመረ። ሲስስ የሚለው ድምፅ ቆመ። 83። 87። 89።

እማማ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ምን አሉ መሰላችሁ? «ለነዚህ ልጆች ቡና አላፈላችሁም?»

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። አባባ፣ እርስዎ በቅንነት ሻማ አብርተው ወደ ክፍሉ ሲገቡ የጮህኩብዎት እኔ ነኝ። «ያጥፉት!» ብዬ፣ ያውም በሰው ፊት። እሳት ኦክስጅን አጠገብ አይቀርብም፣ ለማስረዳት ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ቢያዩኝ በጥፊ ይሉኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ሻማውን አጥፍተው መብራት እስኪመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በስልክዎ ሲያበሩልን እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

መብራት የመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። እማማ ዛሬ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጌጁን ጠዋትና ማታ ራሴ አይቼ ቁጥሩን በር ላይ እጽፋለሁ። ኮሪደር ስታልፉ እስኪ እናንተም አንብቡልኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተገኝቷል፣ ሰማያዊ፣ የግራ። ከአራታችሁ የአንዱ ነው። አጥቤ እማማ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ቡና ይፈላል፣ መጥታችሁ ለኩት።

ሲስተር፣ ከአራተኛ ፎቅ