«እንቅልፍ ነው የወለድኩት» ላሉኝ አባቴ

አባባ እንደምን ሰነበቱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሚሚ ይሄን ስታነብልዎ ቀስ በይ ይበሏት፣ ስትቸኩል ግማሹን ትውጠዋለች። እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ናቲ 16 ሞላው፣ በቁመት በልጦኛል፣ ድምፁ ቁርጥ የእርስዎ ሆኗል። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ ስታለቅስ ዋለች።

ሚሚ ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ባትሪ ይዘው ወጥተው ቦዩ ጋ እንደወደቁ ነገረችኝ። ለኪዳን ነው የወጣሁት ብለዋል አሉ። ሌላም ነገር ነግራኛለች፣ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ናቲ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል ጠዋት ደግሞ እሱን መቀስቀስ መከራ ነው። አንድ ቀን ትዕግስቴ አልቆ ውሃ በብርጭቆ ይዤ አልጋው ጋ ደረስኩና እጄ እዛው ቀረ። ያ ጆግ ትዝ አለኝ አባባ። 10ኛ ክፍል እያለሁ፣ እንግዶቹ ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ውሃው ባንገቴ ሲወርድ «እኔ ልጅ አይደለም እንቅልፍ ነው የወለድኩት» አሉ፣ እነሱም ሳቁ። ከዛ በኋላ እስክሄድ ድረስ የሰፈር ልጅ ሁሉ «እንቅልፌ» ነበር የሚለኝ። እርስዎ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ፣ እኔ እስከ 7 ሰዓት ወጥ ቤት ሻማ አብርቼ እንደማጠና የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና። ማትሪክ ያለፍኩት በዛ ሻማ ነው።

ናቲን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ሁለት ሳምንት አጻፈችንና አስረዳችኝ፣ አንጎል ውስጥ 20 ሺህ የሚሆኑ ሴሎች ያሉበት የሰውነት ሰዓት አለ፣ የብዙው ሰው ዙሩ ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ያንዱ ይረዝማል ያንዱ ያጥራል፣ በዘርም ይወረሳል፣ የጠዋት ብርሃን ያስተካክለዋል የማታ መብራትና ስልክ ያዘገየዋል። ጎረምሳ ሲሆኑ ወደ ኋላ ይጎተታል ሲያረጁ ደግሞ ይቀድማል። እዚህ ሲያትል በ2016 የሃይስኩል መግቢያ ከጠዋቱ 1፡50 ወደ 2፡45 ሲዛወር፣ ተመራማሪዎች ልጆቹ እጅ ላይ መለኪያ አስረው ሲያዩ በትምህርት ቀን 34 ደቂቃ ገደማ የበለጠ ተኝተው ተገኙ። ስንፍና ቢሆን እኮ ያገኙትን ሰዓት በማምሸት ይጨርሱት ነበር! መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ አባባ፣ በዚህ እድሜዬ።

ስለ እርስዎም ጠየቅኳት። ድሮ 10 ሰዓት ይነሱ ነበር፣ አሁን 9 ሆነ፣ አንዳንዴም 8። ከእድሜ ጋር ያለ ነገር ነው፣ ማታ 11 ሰዓት አካባቢ በረንዳ ወጥተው ፀሐይ ይሙቁ፣ ቶሎም አይተኙ አለች። ጎረቤት የሰጠቻችሁን የእንቅልፍ ኪኒን ግን እንዳይውጡ፣ መውደቅን ያባብሳል፣ ሚሚ ዛሬውኑ ትጣለው። መጸዳጃ ቤቱ ጋም ሌሊቱን የሚያድር መብራት ይደረግ፣ ብሩን ልኬያለሁ።

ያን ሌሊት በሩ ላይ ቆመው «እናትሽ እስካሁን ለምን አልገባችም» ብለው ሚሚን እንደጠየቋት ግን ለሐኪሟ አልነገርኳትም። አፌ እምቢ አለኝ። ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚመጣ ድንግርግር ይሆናል እላለሁ፣ ደግሞ ስምንት አመት ሙሉ ሳልመጣ ቀርቼ እንዳልሆነ ቢሆንስ እላለሁ። ሚሚ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትልዎ እባክዎ እምቢ አይበሏት፣ ስለኔ ብለው። ትኬቱን ለጥቅምት እያየሁ ነው።

እስከዛው ግን፣ እርስዎ ጋ ከሌሊቱ 9 ሲሆን እኔ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ናይት ሺፍት ስለምገባ ቤት ነኝ። ሚሚ 1 ቁጥርን ሲጫኑ እኔ ጋ እንዲደውል አድርጋ ታስተካክልልዎ። ሲነቁ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ይደውሉልኝ አባባ፣ እስኪነጋልዎ እናወራለን።

ልጅዎ