ልጄ፣ ፎርሙ ላይ ጻፈው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? በቀደም ስልክ ላይ ድምፅህ ደስ አላለኝም። ሥራው ክሊራንስ፣ ያ የአሜሪካ መንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ፣ እንደሚፈልግ ስትነግረኝ ድሮ ጠጥተህ ስትነዳ የተያዝከውን አንስተህ "ያ ነገር ያበላሽብኛል" አልክ። በስልክ ከምንነታረክ ብዬ ይኸው ጻፍኩልህ።

አጎትህ የመከረህን ሰምቻለሁ። "ከሰባት ዓመት በላይ የሆነውን አይጠይቁም፣ ዝም በል" ብሎሃል። ለአንተ አስቦ ነው። ገመና አደባባይ አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። የክሊራንሱን ፎርም፣ የኤስ ኤፍ 86ን፣ ክፍል 22 ረጋ ብለህ አንብበው። ብዙው ጥያቄ ያለፉትን 7 ዓመታት ይመለከታል። ከአልኮል ወይም ከዕፅ ጋር የተያያዘ ክስ ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ በሕይወትህ መቼም ቢሆን ተከሰህ ከሆነ ጻፍ ነው የሚለው። የጦር መሣሪያና የከባድ ወንጀል ክስም እንደዚያው ነው። ጠጥተህ ስትነዳ የተያዝከው በ21 ዓመትህ ነው፤ አሁን 32 ሆነሃል። ይጻፋል። ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘግቶት ቢሆን እንኳ፣ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ መጻፉ አይቀርም ነበር።

የድሮው ጥፋት ብዙም አያሰጋኝም። መደበቁ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። አሻራህን ያያሉ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ ያገላብጣሉ፤ ያገኙታል። ያኔ የአንድ ሌሊት መጠጥ ነገር ይቀርና "ይህን ሰው ማመን ይቻላል ወይ?" ይመጣል። እያወቁ ሐሰት መጻፍ ራሱ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

የሚመዝኑህ በ13 መመዘኛ ነው። ወንጀል አንዱ ነው፣ አልኮል አንዱ ነው፣ የግል ጠባይና ሐቀኝነትም አንዱ ነው። ታዲያ ያው መመሪያ የሚያከብደውን ብቻ ሳይሆን የሚያቀልለውንም ይዘረዝራል። ስንት ዓመት አለፈው? ያኔ ዕድሜህ ስንት ነበር? ደግመኸዋል? ከዚያ ወዲህ እንዴት ኖርክ? አንተ አልደገምክም። ቅዳሜ ጠዋት ለአልኮል ትምህርቱ ስወስድህ መኪና ውስጥ ቃል አትተነፍስም ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልቀረህም። ኮሌጅህን ጨረስክ፣ ሥራህን አክብረህ ይዘሃል። ይህን ሁሉ ያዩልሃል። ከዓመት በላይ ተፈርዶበት ዓመት የታሰረ ሰው ለአንዳንድ ከፍተኛ ምስጢር ያለ ልዩ ፈቃድ አይታለፍም፤ ያ አንተን አይመለከትም።

ወረቀቶችህ እኔ ጋ ናቸው። ከክርስትና ካርድህ ጋር ቡናማው ፖስታ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የቅጣቱ ደረሰኝ፣ የትምህርቱ ሰርተፍኬት። የደረሰኙ ቀለም ደብዝዟል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ፎርሙን በግምት እንዳትሞላ፤ ቀኑንም የፍርድ ቤቱንም ስም ከወረቀቱ ላይ ገልብጥ። መርማሪው ሲያነጋግርህም የጻፍከውን ንገረው። "ጓደኞቼ ናቸው" እያልክ ሰበብ አትደርድር።

በየሳምንቱ የምትደውልላት አዲስ አበባ ያለችው አክስትህም ፎርሙ ላይ ትጻፍ። ዘመድ ማፍቀር ወንጀል አይደለም፣ አትሳቀቅ። መርማሪ ጎረቤት ሊያንኳኳ ይችላል አሉ። ሰው "ምን አድርጎ ነው?" እንዳይል እኔ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ምናልባት ሊከለክሉህ ቢያስቡ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጡሃል። መልስ መስጠት ትችላለህ። የኮንትራክተር፣ ማለት ለመንግሥት በውል የሚሠራ ድርጅት፣ ሠራተኛ ስለሆንክም ዳኛ ፊት ቀርበህ መከራከር መብትህ ነው። እዚያ ከደረሰ ጠበቃ እንይዛለን፣ ስለ ገንዘቡ አታስብ። እሁድ ስትመጣ ፖስታውን ውሰድ፤ ፎርሙንም ሳትልከው አብረን እንየው።

እናትህ