ማስታወቂያ ለማጥፋት ኮምፒውተር ፎርማት አይደረግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሳሳን በከተማችን የተለመደ አንድ አሠራር ነው። የቤት ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያ በየደቂቃው ብቅ ማለት ሲጀምር ባለቤቱ ማሽኑን ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባላል፤ ፎርማት ይደረጋል፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። የልጆች ፎቶ፣ ስካን የተደረገ የትምህርት ማስረጃ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሳይቆይ ማስታወቂያው ይመለሳል፤ ባለቤቱም ሁለተኛ ይከፍላል። እዚህ ሐዋሳ በኮምፒውተር ጥገና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን፤ ይህ ሁሉ ኪሳራ አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈልግ መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እንፈልጋለን።

አድዌር የሚባለው የማስታወቂያ ሶፍትዌር የተሠራው ገንዘብ እንዲያስገኝ ነው። ማስታወቂያው ሲታይ፣ ሲጫኑት ወይም ሌላ ፕሮግራም ተከትሎት ሲገባ ለላኪው ይከፈለዋል። ስለዚህ ፋይል ማጥፋት ሥራው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ እየሠራለት መቆየት ይፈልጋል። የሚደበቅባቸው ቦታዎችም ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ቦታዎቹን በቅደም ተከተል የፈተሸ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንድም ፎቶ ሳይጠፋበት ያጸዳዋል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ድረ ገጾች ወደ ስክሪኑ የሚልኩት አጭር መልእክት ነው፤ ምክንያቱም «ቫይረስ» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው ጭራሽ ፕሮግራም አይደለም። በስክሪኑ ታች፣ በቀኝ ጥግ፣ ትንሽ ሣጥን ብቅ ትላለች። ቀይ ምልክት አለባት፤ ኮምፒውተሩ በአምስት ቫይረስ እንደተጠቃና አሁኑኑ መጽዳት እንዳለበት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። የታወቀ አንቲቫይረስ አርማም ሊለጠፍባት ይችላል። ቀረብ ብሎ ለሚያያት ግን በደቃቅ ፊደል «ጉግል ክሮም» የሚል ስምና ባለቤቱ ሰምቶት የማያውቅ የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎባታል። አንቲቫይረስ በማይታወቅ ድረ ገጽ ስም አያስጠነቅቅም። ይህች ሣጥን የመጣችው አንድ ቀን ኳስ ወይም ፊልም ለማየት በተከፈተ ገጽ ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ተብሎ ስለተጫነ ነው። «አላው» ማለት ደግሞ ገጹ ከተዘጋ በኋላም ለዚያ አድራሻ መልእክት እንዲልክ መፍቀድ ነው። አንቲቫይረስ ቢፈትሽ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ የተጫነ ነገር የለማ፤ ያለው የተሰጠ ፈቃድ ብቻ ነው።

ፈቃዱን ለመንጠቅ ክሮም በሚባለው ብሮውዘር (የኢንተርኔት መክፈቻ ፕሮግራም) ላይ በቀኝ በላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ መግባት ነው። እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ተዘርዝረው ይገኛሉ። የማይታወቀው ሁሉ አጠገቡ ያሉትን ነጥቦች በመጫን «ብሎክ» ይደረጋል። «ሪሙቭ» ብቻ ከተባለ ገጹ በሌላ ቀን እንደገና መጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ብሎክ» ይሻላል። እዚያው ገጽ ላይ ማንም ድረ ገጽ ፈቃድ እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ለቤት ኮምፒውተር እሱን መርጦ መውጣት ነው። ሌሎቹ ብሮውዘሮች ኤጅና ፋየርፎክስም ተመሳሳይ ዝርዝር አላቸው። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የሚፈጀውም ሁለት ደቂቃ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ ገንዘብ መቀበል ተገቢ ነው ብለን አናምንም።

ቀጥሎ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ይታያል። ምልክቱ የተፈለገው ነገር በጉግል መውጣቱ ቀርቶ በማይታወቅ ሌላ መፈለጊያ መውጣቱ ወይም አዲስ ታብ ሲከፈት እንግዳ ገጽ መምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ማውረጃ፣ ፒዲኤፍ መቀየሪያ ወይም የአየር ሁኔታ ማሳያ መስሎ ይገባል። በሦስቱ ነጥቦች በኩል «ኤክስቴንሽንስ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» ተከፍቶ ሁሉም ለጊዜው ኦፍ ይደረጋሉ፤ ችግሩ ከቆመ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ጥፋተኛው ይለያል፤ እሱም «ሪሙቭ» ይደረጋል። ካስፈለገ «ሪሴት ሴቲንግስ» የሚለው አለ። መነሻ ገጹንና መፈለጊያውን ወደነበሩበት ይመልሳል፣ ኤክስቴንሽኖችን ኦፍ ያደርጋል፤ ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስዎርድ ግን አይነካም።

ከፎርማት በኋላ «ቫይረሱ ተመለሰ» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ክሮም በጉግል አካውንት ተከፍቶ ሲንክ (የብሮውዘሩን ቅንብር አካውንቱ ላይ የሚያስቀምጠው) በርቶ ከሆነ፣ የኤክስቴንሽኖቹ ዝርዝር የተቀመጠው አካውንቱ ላይ ነው። ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንም ባለቤቱ አካውንቱን በከፈተበት ቅጽበት ያው ኤክስቴንሽን ተመልሶ ይወርዳል። መድኃኒቱ አካውንቱ ተከፍቶ ሲንክ እየሠራ ሳለ ኤክስቴንሽኑን ማስወገድ ነው፤ ያን ጊዜ ከአካውንቱም ይጠፋል።

እንደ ፕሮግራም የተጫነውን ለማግኘት በዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» ተከፍቶ የተጫኑት ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ይደረደራሉ። ስም ከመገመት ቀኑን ማየት ይበልጣል። ማስታወቂያው በጀመረበት ቀን የገቡ ሦስት አራት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንዱ ተፈልጎ የተጫነው ነው፣ ሌሎቹ ተከትለውት የገቡ ናቸው። ኮምፒውተር አፍጣኝ፣ ድራይቨር አዳሽ፣ ቆሻሻ ጠራጊ ነኝ የሚሉት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ሲያስወግዷቸው ጥያቄ ያበዛሉ፤ በደማቅ ቀለም የተሠራው ቁልፍ ብዙ ጊዜ «አቆየኝ» የሚለው ስለሆነ አንብቦ መጫን ያስፈልጋል። አልወጣም ያለ ካለ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም አስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሱበት ሁኔታ ከፍቶ መሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር ያው ገጽ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን የክሮም ምልክት ራሷን ማየት ይገባል። ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ታርጌት» የሚለው ሣጥን። ጤነኛ ከሆነ ጽሑፉ በፕሮግራሙ ስም፣ በ«ክሮም ዶት ኢኤክስኢ»ና በትእምርተ ጥቅስ ያበቃል። ከትእምርተ ጥቅሱ በኋላ ክፍት ቦታና የድረ ገጽ አድራሻ ከተከተለ ጥፋቱ ያ ጭራ ነው፤ እሱን ብቻ አጥፍቶ «ኦኬ» ማለት ይበቃል። ክሮም የግል ኮምፒውተር ላይ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፕሮግራም ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ውስጥ የራሱን ትእዛዝ ጽፏል ማለት ነው፤ ኤክስቴንሽኑ አልጠፋም የሚለው ለዚህ ነው። ሬጂስትሪ በግምት የሚነካ ነገር ስላልሆነ ይህን ለሚያውቅ ሰው መተው ይሻላል። በየተወሰነ ሰዓት ራሱን የሚከፍት ገጽም አለ፤ እሱ የሚገኘው የዊንዶውስ የሥራ ሰዓት መያዣ በሆነው «ታስክ ስኬጁለር» ውስጥ ነው።

ለማጣሪያ የምንመክረው መሣሪያ ማልዌርባይትስ የሚያወጣውን አድደብሊውክሊነር ነው። ነፃ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም፣ ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ ጥቅል አይበላም። ከማልዌርባይትስ ከራሱ ገጽ ይወርዳል፤ «ስካን» ይባላል፣ በጥቂት ደቂቃ ዝርዝሩን ያመጣል፣ «ኳራንቲን» ሲባል ያገኘውን ለይቶ ያስቀምጥና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያስደርጋል። ከዚያ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ያድርግ። ሁለተኛ አንቲቫይረስ መጨመር አያስፈልግም፤ ሁለት አንቲቫይረስ አብረው ከሠሩ ማሽኑን ሊያንቀራፍፉት ይችላሉ።

የሚያሳዝነው ፎርማቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አዲስ በር መክፈቱ ነው። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ከአንድ ፍላሽ ላይ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕና ሌላም በክራክ፣ ማለትም ክፍያውን በሚያስቀር ሕገ ወጥ መክፈቻ ይጨመራል። ክራኩ እንዲሠራ ዲፌንደር ይጠፋል ወይም አንድ ሙሉ ድራይቭ እንዳይፈተሽ ይደረጋል። ኮምፒውተሩን ከጥገና የተረከበ ሰው ይህን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ»፤ እንዳይፈተሹ የተደረጉት እዚያ ተዘርዝረዋል። ለተራ የቤት ኮምፒውተር ይህ ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት። ሲ ድራይቭ እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው።

ዊንዶውስ አክቲቬት ማድረጊያ (ፈቃዱን ማጽደቂያ) ክራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያስፈልግም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከነዊንዶውሱ የተሸጠ ላፕቶፕ የፈቃድ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ያው የዊንዶውስ ዓይነት፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ ተመልሶ ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። በኦፊስ ፈንታ ሊብሬኦፊስ፣ ለፊልም ቪኤልሲ፣ ለዚፕ ሰባት-ዚፕ ነፃ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ድረ ገጽ ይውረዱ።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለን። «ፓወር ግዕዝ በነፃ» ብሎ ፈልጎ ያገኘውን መጫን በኛ አገር ለዚህ ዓይነቱ ችግር ምቹ መንገድ ነው። እንዲህ ዓይነት የማውረጃ ገጾች ላይ ሦስት አራት አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ቁልፍ ይታያል፤ ብዙዎቹ ማስታወቂያ ናቸው። ፕሮግራሙን የሚፈልግ ከባለቤቱ ይግዛው። ዊንዶውስ 10ና 11 ግን የራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው፤ «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። በለመዱት የአጻጻፍ ስልት መተየብ የሚፈልጉ ደግሞ ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከራሱ ገጽ ያውርዱ።

ሌላውን ፕሮግራም ስንጭንም «ኔክስት»ን በጭፍን አለመደጋገም ነው። «ኤክስፕረስ» ወይም «ሬኮመንድድ» የሚለው ተከታዮቹን አብሮ ያስገባል፤ «ካስተም» ወይም «አድቫንስድ» ሲመረጥ ራይት የተደረገባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ይወጣሉ፤ ምልክቱን ከሁሉም ማንሳት ይቻላል። ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ ሲያወርዱ የፋይሉን ጭራ ይዩ። መጽሐፍ በፒዲኤፍ ያበቃል፤ በኢኤክስኢ የሚያበቃ መጽሐፍም ፊልምም የለም። ጭራው እንዲታይ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ይበራ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ውስጥ ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ምርጫም አለ፤ ሁለቱም ሣጥኖቹ ምልክት ይደረግባቸው። ለልጆች «ስታንዳርድ» አካውንት መክፈትም ይጠቅማል፤ ብዙ ፕሮግራም ያለ ወላጅ ፓስዎርድ አይጫንም። ኤክስቴንሽንና ኖቲፊኬሽን ግን በዚያም አካውንት ስለሚገቡ ቁጥጥሩ አይቀርም። ማስታወቂያ ማገጃ የሚፈልግ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን፣ ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጂን ላይት ይጫን።

ፎርማት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ የለም አንልም። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ክራክ ዲፌንደር ጠፍቶ ከተከፈተና ባለቤቱ ያልላከው መልእክት በስሙ መላክ ከጀመረ፣ ያ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ፓስዎርድ የሚሰርቅ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ይነቀል። ከሌላ ንጹሕ ስልክ የኢሜይልና የባንክ ፓስዎርድ ይቀየር፤ ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ» ተገብቶ አካውንቱ የተከፈተባቸው ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ይዘጉ። ከዚያ ፎቶና ሰነድ ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ተገልብጦ፣ የፕሮግራም ፋይል አንድም ሳይወሰድ፣ ፎርማት ይደረግ።

ከፒያሳ እስከ አቶቴ በዚህ ሥራ ላይ ላሉ የሙያ ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ደንበኛ ማሽን ሲያመጣ በመጀመሪያ እነዚህን ቦታዎች እንዲያዩ፣ ያገኙትንም ለባለቤቱ እንዲያሳዩ ነው። ለጽዳቱ ተመጣጣኝ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ባለቤቱም ለምን እንደከፈለ ያውቃል። ባለቤቶችም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ቃል ሲሰሙ «ምን ተገኘበት? ፋይሎቼስ የት ተቀመጡ?» ብለው ይጠይቁ።

ዝግጅት ክፍሉ ቦታ ካለው «አላው» እና «ብሎክ» የሚሉት ሁለት ቁልፎች ያሉባትን የኖቲፊኬሽን መጠየቂያ ሣጥን ሥዕል በትልቁ ቢያትምልን ደስ ይለናል፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶች በመልኳ እንዲለዩአት።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ