ከቻንጊ እስከ ኬኔዲ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ የሄድሽ ጊዜ የዋልኩትን ውሎ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ከሲንጋፖር ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቼሽ እንደተመለስኩ የቲኬትሽን ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። መነሻው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ መድረሻው ንጋት 12 ሰዓት ግድም ይላል። ስድስት ሰዓት መሰለኝ። ጎህ ሲቀድ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ረፈደ፣ ቀኑ ተጋመሰ፣ ስልኩ ዝም አለ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። የደወልሽልኝ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ መስኮቴ መጨለም ሲጀምር ነው። «አሁን ገባን፣ እዚህ እየነጋ ነው» አልሽኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዳግም ስለምትበሪ ነገሩን ቁጭ ብዬ አጠናሁት። ለካ ቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። በዚያን ጊዜ ሲንጋፖር ኒው ዮርክን በ12 ሰዓት ትቀድም ስለነበር የሁለታችን የእጅ ሰዓት አንድ ዓይነት ያሳይ ነበር፤ ለእኔ ምሽት፣ ለአንቺ ንጋት። ስድስቱ ላይ 12 ሲደመርበት 18 ይሆናል። አሁን ግን እዚያ የብርድ ወራት ነው፤ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለመለሱ ልዩነቱ 13 ሆኗል። አዲሱ ቲኬትሽ የአምስት ሰዓት መንገድ ቢመስልሽ አትታለዪ፤ በረራው ያው ከ18 ሰዓት በላይ ነው።

ርቀቱንም ለካሁት። የወንድምሽን የምድር ሉል ከመደርደሪያ አውርጄ የክር አንዱን ጫፍ ሲንጋፖር ላይ፣ ሌላውን ኒው ዮርክ ላይ ይዤ ወጠርኩት። ክሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚተኛ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እየተንሸራተተ ወጥቶ ሰሜን ዋልታ አጠገብ አረፈ። ሁለቱ ከተሞች በምድር ተቃራኒ ጎኖች ላይ ስለሆኑ አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ካርታ ዋልታውን ለጥጦ ስለሚያሰፋው ይህን አያሳይም። በዚህ መስመር ርቀቱ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ማንም ከማንም ከ20,000 ብዙ አይርቅም፤ አንቺ ከዚያ ሦስት አራተኛውን በአንድ መቀመጫ ትጨርሺዋለሽ።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ የ17 ሰዓት መንገድ ነው። ቀሪውን ጊዜ መነሳቱ፣ ማረፉና የመንገዱ መዞር ይወስዱታል። አብራሪዎቹ ብዙ ጊዜ የእኔን ክር ትተው በፓስፊክ በኩል ይሄዳሉ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ፤ እሱ ከኋላ ሲገፋቸው መንገዱ ቢረዝምም ጊዜና ነዳጅ ይተርፋል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ ልጄን የሚሸከም ነፋስ አለ ብዬ። እናም ፊትሽ ያለው ስክሪን እኔ ከነገርኩሽ የበለጠ ኪሎ ሜትር ቢያሳይሽ አትደንግጪ።

በየጊዜው ተነሥተሽ እግርሽን አፍታቺ፣ ውኃ ጠጪ። እኔ ቀኑን ሥራዬ ላይ እውላለሁ፤ ስልኬን አጠገቤ የማስቀምጠው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሻንጣሽን ከመውሰድሽ በፊት ደውዪልኝ።

እናትሽ