የምስጋና መልእክት ከ«እንስራዋ ልጅ»

በየካቲት 23ቱ የአድዋ ድል በዓል እንስራ አዝዬ፣ በባዶ እግሬ፣ ከቀጨኔ እስከ ምኒልክ አደባባይ ስወርድ ለሸኛችሁኝ፣ ስወድቅ ላነሳችሁኝ፣ ቤት ተኝቼ ሳለሁም መጥታችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እግሬ ድኖ ጫማ ማድረግ ጀምሬያለሁና ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ።

ፎቶዬን የተቀባበላችሁት ሰዎች «የእንስራዋ ልጅ» የሚል ስም አውጥታችሁልኛል። ስሙን ወድጄዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ግን «ሴቱ ሁሉ እንደ እቴጌ ካባ ደርቦ ሲወጣ እሷ ምነው እንደ ገረድ ለበሰች?» ብላችኋል። መልሱን ሳልሰጥ ማንን ለምን እንደማመሰግን አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

እኛ ቤት አድዋ ከተነሳ የሚወራው ከቤታችን ስለዘመተው ወንድ ነው። ጋሻው ግድግዳ ላይ የት ጋ ተሰቅሎ እንደነበር፣ በክፉ ቀን ለማን እንደተሸጠ፣ ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል። አብራው ስለዘመተችው ሚስቱ፣ ስለ ምንጅላቴ፣ የሚነገረው ግን ይቺው ብቻ ነበረች፦ «እንስራ አዝላ ሄዳ፣ እሱን ቀብራ ተመለሰች።» በቃ። ከዚያ ወሬው ወደ ጋሻው ይመለሳል።

ነጋሪቱ የተጎሰመው መስከረም 1888 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሱ፣ ጦርነቱ የካቲት 23 ሆነ። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ያ ሁሉ ሠራዊት በእነዚያ ወራት ምን በላ? ምን ጠጣ? እህሉን ማን ፈጨለት? እቴጌ ጣይቱ በውጊያው ዕለት ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲያመላልሱ ያሰማሯቸው ሴቶች ከ10 እስከ 12 ሺህ እንደሚደርሱ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ መቀሌ ላይ፣ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቆ የወጣው ምንጩ ተይዞበት ጥም ሲያነደው ነው። በዚያ ዘመቻ ውኃ መሣሪያ ነበር። መሣሪያውን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከሸዋ ትግራይ ድረስ በእግሯ ከሄዱት አንዷ ደግሞ የኔዋ ናት። እቴጌን ማንም አይጠላም፤ ጥቁር ጥላቸውን ይዘው በእግራቸው ሠራዊቱ መሀል የገቡ ሴት ናቸው። ግን እቴጌ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም፤ በየዓመቱ ፒያሳ ላይ የማየው የልጅ ልጅ ብዛት ይገርመኛል።

ችግሩ የመኳንንቱ ካባና ለምድ በሙዚየምም በፎቶግራፍም ይገኛል፣ የውኃ ቀጂ ቀሚስ ግን የትም የለም። የእሷ ልብስ ሲያረጅ ተቀዶ የልጅ መታቀፊያ ይሆናል። እሱም ሲያልቅ ክሩ ተተርትሮ ጧፍ ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ ምንጅላቴ የለበሰችውን ለመልበስ የሰው እጅና የሰው ትዝታ መለመን ነበረብኝ። ምስጋናዬ እንዲህ የበዛው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እማማን። እማማ የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው፣ ተጉለት ነው ያሉት፤ በልጅነታቸው ከምንጅላቴ ጋር አንድ መደብ ላይ አድረዋል። ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን ጥልፍ ቀሚስ ይዤላቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ይዳስሱት ጀመር። ጣታቸው ጥልፉ ጋ ሲደርስ ሳቁ።

«ውኃ ቀጂ ምን ጥልፍ አላት፣ ልጄ!»

ከዚያ ወዲያ ያሉኝን በሙሉ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ማለት አለበት፤ ከወረደ ጤዛና ጭቃ ይጠጣል። መቀነቱ ረጅም ነው፣ ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ደጋግሞ ይጠመጠማል፤ ከሸክም በታች ወገብን የሚያቆመው እሱ ነው። ቀሚሱ ከመቀነቱ በላይ ሳብ ይደረግና ጉያ ይሆናል፣ በሶው በጨርቅ ተቋጥሮ እዚያ ይገባል። ነጠላው ደረት ላይ ይመሳቀልና ከኋላ ይታሰራል። ጸጉር ሹሩባ ተሠርቶ ቅቤ ይቀባል፣ «ለማማር መስሎሽ ነው? ፀሐዩ አናትሽን እንዳይበሳው ነው እንጂ» አሉኝ። ጌጥ የለም። አንገት ላይ ማተብ፣ አለቀ። ስለ ጫማ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩና ጥያቄዬን ሳይመልሱ ቡናው እንዲቀዳ አዘዙ።

እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ። «ምን ለብሳ ሄደች» የሚል ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ ማንም ስላልጠየቀዎት እኛን ይቅር ይበሉን።

የእናቴን የማርያም ማኅበር እናቶች እንዴት ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ጥጡን ዳምጣችሁ፣ በደጋን ነድፋችሁ፣ አመልማሎ አድርጋችሁ፣ በእንዝርት ፈትላችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ከመሀላችሁ እንዝርት ከያዘች ዘመን ያለፋት ነበረች። አንዷ ደግሞ ጭራሽ እጇን ሳታይ፣ ቴሌቪዥን እያየች፣ በሚያስደንቅ ፍጥነት ትፈትላለች። ማኅበሩ የኔ ፈትል እስኪያልቅ ድረስ ወደ ፈታይ ቤትነት ተቀይሮ ሰነበተ፤ እመቤታችን ትቁጠርላችሁ።

ያንን ፈትል ተቀብለው የሠሩልኝ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ፣ አገራቸው ጨንቻ የሆነ ጋሼ ናቸው። ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል ማጉ ላይ ብቻ ነው የሚገባው። እኔ ድርም ማግም የእጅ ፈትል ይሁንልኝ አልኩ። ይህ ለሸማኔ ቅጣት ነው። የእጅ ፈትል ድር ውጥረቱን አይችልም፣ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ በተበጠሰ ቁጥር ሥራ ቆሞ ክር ይቀጠላል። ከእሳቸው በፊት ያነጋገርኳቸው ሸማኔዎች «አይሆንም፣ አይከፍለንም» ብለው መልሰውኛል፣ አልፈርድባቸውም። ጋሼ ግን ክሩን በጣታቸው አሽተው አሽተው፣ «አባቴ እንዲህ ሲሠራ አይቻለሁ» አሉና ተቀበሉኝ።

ቀሚሱን ሲያስረክቡኝ ትከሻው ላይ አንድ ወፈር ያለ መስመር አሳዩኝ። «ይቺን የፈተሉት እናት እዚህ ጋ ተቆጥተዋል።» ማኅበሩ ላይ ስናገር ሁሉም ዞር ብለው አንዷን አዩ። እሷም «አዎ፣ አከራዬ የጨመረብኝ ቀን ነው» አለች። መስመሩ አሁንም እዚያው አለ፣ የቀኝ ትከሻዬ ላይ፤ ገመዱ የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ጨርቁ ፎቶው ላይ ነጭ መስሏችሁ ከሆነ ነጭ አይደለም፤ ያልተነጣ ጥጥ ስለሆነ ወደ ቢጫ ያደላል።

እንስራውን የሠሩልኝ የቀጨኔ እናት ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ፈቃዳቸው ይሁን። ሠርተው ብቻ አልተዉኝም። እራሳቸው አሟሹት፣ በወይራ አጠኑት፣ አፉን በቅጠል መወተፍ አሳዩኝ፣ ውኃው እንዳይቦጫረቅ። «ለፎቶ ከሆነ ባዶውን እዘዪው» አሉኝ። ውኃ እይዛለሁ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እንግዲያው ግማሽ። ሙሉው ለለመደ ሰው ነው» አሉ። ገመዱን በደረቴ አዙረው ያሰሩልኝ በራሳቸው እጅ ነው። እንስራው አንገቱ ሥር የአውራ ጣታቸው አሻራ አለው፣ ጭቃው እርጥብ እያለ የታተመ፤ ስይዘው ጣቴ ራሱ ፈልጎ እዚያ ላይ ያርፋል። ሸክላ ሠሪን በሠራው እየበላንና እየጠጣን ስም እያወጣን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ለአድዋ ውኃ ያቀረበው እንስራ ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ በዓሉ ላይ የሠሪዋን እጅ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔ አነሳሁ። እናቴ፣ እጅዎ ይባረክ።

ወደ ዕለቱ ልምጣ። ከቀጨኔ በሰሜን ማዘጋጃ አድርጌ ስወርድ እናቴ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥላ ከኋላዬ ትከተል ነበር፤ «አሁንስ?» ትለኛለች በየመቶ ሜትሩ። ፍተሻው ጋ የቆመችው ፖሊስ እህታችን «ምንድን ነው?» አለች። ውኃ ነው። «ጠጪው።» ጠጣሁ። «ለኔም ስጪኝ።» ጠጣችና አሳለፈችኝ፤ እሷንም አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ በቅል እየቀዳሁ ለጠማው ማደል ጀመርኩ። ወሬው እንዴት እንደሄደ እንጃ፣ ትንሽ ቆይቶ ሰው «የየት ጠበል ነው?» እያለ ይሰለፍልኝ ጀመር። የቧንቧ ውኃ ነው ብዬ ብምልም ፊታቸውን ያስነኩ አሉ። ያዳናችሁ ካላችሁ እምነታችሁ ነው እንጂ እኔ የለሁበትም።

አንዲት ጠና ያሉ እናት ደግሞ ጠጋ ብለው ብር አስጨበጡኝ። «አይ እማማ፣ ለበዓሉ ለብሼው ነው» አልኳቸው። እግሬን አዩ፣ ቀሚሴን አዩ፣ «ለበዓሉም ቢሆን ያዢው» ብለውኝ ሄዱ። ለካስ ልብሱ ትክክል ነው አልኩ በልቤ። ምንጅላቴም መንገድ ዳር ቆማ ብትሆን የሚሰጣት ምጽዋት እንጂ ሰላምታ አይደለም። ብሩን ጊዮርጊስ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከትቼዋለሁ።

የአባታቸውን ለምድ ለብሰው ፀሐይ ላይ ቆመው የነበሩት አባት ከቅሉ ጎንጨት አሉና ወይራውን እያጣጣሙ «ይሄ የእናቴ ቤት ውኃ ነው» አሉ። ቀጥለው ፎከሩ። በፉከራቸው መሀል ስለ ውኃ ቀጂዎች የገባች ስንኝ ነበረች፤ እዚያው የፈጠሯት ይመስለኛል። አባባ፣ ግጥሟን ደግሜ ልሰማት ብፈልግም በግርግሩ ተጠፋፋን።

አደጋው የደረሰው ጊዮርጊስ አጥር አጠገብ ነው። ሰው ከሁለት በኩል ሲገፋ የጠርሙስ ስባሪ ረገጥኩ። ስወላገድ ገመዱ ተበጠሰ፣ እኔም ወደቅሁ። እንስራው ግን መሬት አልነካም። ጎፈር ያደረጉ ሁለት ጎረምሶች ቀለቡት፣ አንደኛው ጋሻውን ወርውሮ። የፕላስቲክ ጋሻ የያዘ ሁሉ ለጨዋታ የወጣ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ እግሬን ጠፍንጎ አሰረ። ሌላው «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሽለላ ድምፅ ሰውን ከፈለው፣ እናቴም ፌስታሏን ከፍ አድርጋ ከኋላው። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ተቀበሉኝ፣ ደሙን አቆሙልኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰን የሚኒባስ ሾፌር ሒሳብ አልተቀበለም፤ ረዳቱም «ለአድዋ ዘማች ነጻ ነው» ብሎ አሾፈብን።

በበዓል ቀን ተረኛ የነበሩት ሲስተር እግሬን እየሰፉ ታሪኩን አስወሩኝ። የቴታነስ መርፌ ፈርቼ ስለማመጥ «ምንጅላትሽ ይቺን አላገኘችም፣ ዝም ብለሽ ተወጊ» አሉኝ። ተወጋሁ።

አደባባዩ ጥግ ላይ ቡና የምትሸጠው እህቴ እንስራውን እስክመለስ ድረስ ከረከቦቷ ጀርባ አስቀምጣ ጠብቃልኛለች። ስልኬን ከማን እንዳገኘች እስካሁን አልነገረችኝም። ሄጄ ስወስደው ውኃው ውስጡ እንዳለ ነበር፣ ቡና አፈላችበትና ጠጣን።

ለመጪው ዓመት ልብሱን መልበስ የምትፈልግ ልጅ ካለች አበድራለሁ፤ ቅድመ ሁኔታዬ እንስራው ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው። መፍተል የምትችሉ እናቶች ካላችሁም የማርያም ማኅበሩ በር ክፍት ነው፣ ሁለተኛ ቀሚስ ተጀምሯል። እግሬን በነጠላህ ያሰርክልኝ ወንድሜ ደግሞ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ተለያይተናል። ነጠላህ ታጥቧል፣ ደሙ ለቋል፣ ጥለቱም አልተበላሸም። ቡና ሻጯ ዘንድ ትቼልሃለሁ፤ ስትመጣ እንዳታስከፍልህም ተነጋግረናል።