እምዬ፣ የምጠይቅሽ ነገር አለ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽ እምዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሆዴ ገፍቷል። ማታ ማታ እግሬ ያብጣል እንጂ ግፊቴም ስኳሬም ደህና ነው ብለውኛል። ያንቺ ግፊትስ? ኪኒኑን አንድ ቀን ውጠሽ ሁለት ቀን እንደምትተዪው ወንድሜ ነግሮኛል። «ሲያመኝ እውጣለሁ» ብለሻል አሉ። የግፊት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም እምዬ። ሳያምሽም በየቀኑ ይዋጣል። የላክሁት ብር ለእሱ ነው፣ ለማኅበር ጠላ አይደለም።

በስልክ ስላልሆነልኝ ነው የጻፍኩልሽ። ነገሩን ስጀምረው መስመሩ ይቆራረጣል። መስመሩ ደህና ሲሆን ደግሞ አንቺ ስለ ዝናቡ ታነሺብኛለሽ። ደብዳቤውን ለወንድሜ ያልላክሁት አውቄ ነው። የእህቴ የእታባ ልጅ ታንብብልሽ። አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ምንም እንዳትዘልዪ።

የልጅ ልጅሽ ትምህርት ቤት ጀምራለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሽሮ በእንጀራ ትወዳለች፣ ሚጥሚጣ ስታይ ግን ከገበታው ትሸሻለች። «አያቴ ላሟን ማን ብላ ነው የምትጠራት?» አለችኝ። የአሁኗን አላውቃትም። ሥዕል ልካልሻለች፤ ቀንድ ያላት ላሟ ናት፣ ነጠላ ያላት አንቺ ነሽ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ቀጠሮ አዋላጇ «ቤትሽ መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። የቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። ለንደን ተቀምጦ ቤት መውለድ! ለካ የሚፈልጉ አሉ። ብዙ አይደሉም፣ ከመቶ ሁለት ያህል ቢሆኑ ነው። ሁለት አዋላጆች ቤት ድረስ ይመጣሉ። የደም ማቆሚያውን መርፌ፣ ለምጥ ሕመም የሚሳበውን ጋዝ፣ ሕፃኑ ካልተነፈሰ የሚረዱበትን ዕቃ ሁሉ ይዘው ነው። ክፍያም የለውም። እዚሁ እንግሊዝ አገር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናትም አለ። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ቤት መውለድ ለሕፃኑ አደጋው ከፍ ይላል። ቤት እንወልዳለን ካሉት ውስጥም ከመቶ 45ቱ በምጥ ላይ ወይም እንደወለዱ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ከዚህ በፊት ለወለደች ጤነኛ ሴት ግን ለሕፃኑ ልዩነት አልተገኘም። የተወሰዱትም ከመቶ 12 ብቻ ናቸው። የእኔ ደግሞ ሁለተኛዬ ነው። ልቤ ወደደው።

የመጀመሪያዋን ስወልድ ታውቂያለሽ። አንቺ ቪዛ ተከልክለሽ ቀረሽ፣ ባለቤቴ ሌሊት ሥራ ላይ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች እየተፈራረቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ማርያም ማርያም የሚልልኝ አንድ ሰው የለም። ለራሴ እኔው ስል አንዷ ነርስ «ማርያም ማን ናት? እንጥራልሽ?» አለችኝ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። እንደተገላገልኩ ያመጡልኝ ሻይና የተጠበሰ ዳቦ ነው። ለአራስ!

ባለቤቴ ግን አልተዋጠለትም። «ሰው ከዚያ ወደዚህ ይመጣል፣ አንቺ ከዚህ ወደዚያ?» ይላል። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍቱም ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቆማል። «አንድ ነገር ብትሆኚ በደረጃ በቃሬዛ ሊያወርዱሽ ነው?» አለኝ። ቃሬዛ ሲል የምመልሰው ጠፋኝ።

አዋላጇም ጠየቀችኝ። «ከቤተሰብሽ ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት አለች?» እታባ አልኳት። «እንግዴ ልጁ ወጥቶላት ነበር? ከወለደች በኋላ ምን ያህል ቆየች?» እሱ ብቻውን ቤት ከመውለድ አይከለክልሽም ብላኛለች። ቢሆንም ማወቅ ትፈልጋለች። እኔም እፈልጋለሁ።

እምዬ፣ ምንም የማውቀው የለም። ያን ሌሊት እኛን ልጆቹን አጎቴ ቤት ላካችሁን። 1996 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፣ ገብሱ ገና አልታጨደም። በእንቅልፍ ልቤ እልልታ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ሴት ናት ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው። ከእልልታው እስከ ለቅሶው የሆነውን የሚያውቅ አሁን አንቺ ብቻ ነሽ። አባባም አለፈ፣ ያዋለደቻትም አለፈች።

አንቺ «ቀኗ ደርሶ ነው» ትያለሽ። ሁልጊዜ። ደም ፈሷት ነው እምዬ። እንዲህ ያለው ደም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሊገድል ይችላል። በአገራችን እናቶችን በወሊድ ከሚገድሉት ዋናው እሱ ነው። ያን ጊዜ መንገድ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ለመድረስ በጨለማ ያንን ገደል ወጥቶ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆችም ገና ቀበሌያችን አልደረሱም። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ጤና ተቋም ሄዳ የምትወልደው ከመቶ አምስት ብቻ ነበረች። አንቺስ ሁላችንንም ጓዳ አይደል የወለድሽን? ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ቃሬዛው ተዘጋጅቶ፣ ተሸካሚዎቹ ደጅ ቆመው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። «ይንጋ» ያለው ማነው? አባባ ነው? ያዋለደቻት ናት? አንቺ ነሽ?

እስከ ዛሬ የፈራሁት ይህን ነው። ተቆጥታብኝ ነው ብለሽ እንዳታዝኚ። ተቆጥቻለሁ ደግሞ። ያደረግሽልን ሁሉ ጠፍቶኝ አይደለም። የእታባን ልጅ በላም ወተት አሳድገሽ እዚህ አድርሰሻታል፣ ለዚያ ቃል የለኝም። ግን እሷም ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች። እናቷ ምን እንደገደላት ሳታውቅ ትውለድ?

አሁን ለሰው ልጅ «ጤና ጣቢያ ሂጂ» እያልሽ የምትመክሪው አንቺ ነሽ አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ቀኗ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ገብታ፣ ገንፎዋንም ቡናዋንም እዚያው ቀመሰች ብለሽ ስትስቂ ሰምቻለሁ። ለእኔ ሲሆን ግን «የትም ውለጂ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ብቻ። የልብሽን ንገሪኝ እንጂ።

ከሆስፒታሉ ጋር የተያያዘ፣ አዋላጆች ብቻ የሚሠሩበት የወሊድ ክፍል አለ። እንደ ቤት ነው፣ ሐኪም ከተፈለገ ግን ኮሪደሩን መሻገር ነው። ወደዚያ እያዘነበልኩ ነው። የባለቤቴ እናት አጥሚቱን ይዤ እመጣለሁ ብለዋል። እዚያ ከሆነ ሊፍቱም አያሳስበኝም። አንቺን ሳልሰማ ግን ቁርጡን አልናገርም።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከመስቀል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በእታባ ልጅ ስልክ ድምፅሽን ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ። ስትቀጂ እሷን «ውጪ» እንዳትያት። እናቷ ናት።

ልጅሽ